የአንባብያን ጥያቄና መልስ፦ አንኮበር ላይ ምን ቀረ?

ባለፈው እትማችን ስለ ሸዋ ነገሥታት የቀድሞ መቀመጫዎች ያወጣነው አጭር ጽሑፍ ብዙ ደብዳቤ አምጥቶልናል፤ ከደረሱን ጥያቄዎች የሚበዙት ደግሞ አንኮበርን የሚመለከቱ ናቸው። በዚህ እትም አምዱን ሙሉ በሙሉ ለእርሷ ሰጥተናል። የአንባብያንን ስም ባናወጣም ጥያቄዎቻቸውን በራሳቸው አነጋገር፣ ከርዝመታቸው ብቻ ቀንሰን አቅርበናል።

«ጤና ይስጥልኝ፣ የአምዱ አዘጋጅ። በአዲስ አበባ የታሪክ መምህር ነኝ። በመጪው ዕረፍት የዘጠነኛና የአሥረኛ ክፍል ተማሪዎቼን ይዤ አንኮበርን ላሳያቸው አስቤ ነበር፤ ይሁን እንጂ አንድ ባልደረባዬ ‹አንድ የፈረሰ ግንብ ለማየት ይህን ሁሉ መንገድ ልጆች ታደክማለህ?› ብሎ ልቤን ከፈለው። እውነት ከዚያ በቀር የሚታይ የለም? ካለስ ከየት ልጀምር?»

የተከበሩ መምህር፣ ባልደረባዎ ያሉት ሐሰት አይደለም። አንኮበር እንደ ጎንደር ግንብ በግንብ ላይ የሚታይባት ከተማ አይደለችም፤ የሸዋ ነገሥታት ግቢ በአብዛኛው በእንጨት፣ በጭቃና በሣር ክዳን የተሠራ፣ በኮረብታው ዙሪያ አጥር በአጥር ላይ የተደረበለት ስለነበረ፣ ባለቤቱ ሲለቀው ዝናብ ወስዶታል። ከቤተ መንግሥቱ ኮረብታ ላይ ቆሞ የሚታየው የድንጋይ ግንብ ቁራጭ እንጂ አዳራሽ አይደለም። በዚያው ኮረብታ አናት ላይ በቅርብ ዘመን ሎጅ ተሠርቶ፣ ዋናው ቤት የጥንቱን አዳራሽ መልክ እንዲያስታውስ ተደርጎ ታንጾ ነበር፤ ተማሪዎችዎ አዲሱን ሥራ የምኒልክ ዘመን ሥራ አድርገው እንዳይወስዱት አስቀድመው ቢነግሯቸው መልካም ነው፤ ይህን ስሕተት አዋቂ ጎብኚዎችም ሲሠሩት አይቻለሁና።

ሆኖም አንኮበርን ለማየት የሚወጣ ሰው ዓይኑን ግንቡ ላይ ብቻ ከተከለ የመጣበትን ነገር ጀርባውን ሰጥቶታል ማለት ነው። ወደ ኮረብታው የሚያወጣውን ዳገት ከጨረሳችሁ በኋላ ልጆቹን ወደ ምሥራቅ አዙሯቸውና ወደ ታች ይመልከቱ። እኔ ለመጨረሻ ጊዜ በወጣሁበት ማለዳ ጉሙ ከሸለቆው ተነሥቶ እስከ ጥዶቹ ወገብ ደርሶ ስለነበረ፣ ከፊቴ አሥር እርምጃ እንኳ አይታየኝም ነበር፤ ወደ ሦስት ሰዓት ገደማ ግን ጉሙ መቀደድ ጀመረና በመጀመሪያ ከሥር አንድ የገብስ እርሻ፣ ቀጥሎ የቤት ጢስ፣ ቀጥሎ የጠቆረ ቁልቁለት፣ በመጨረሻም ከሁሉ ሥር ወደ አዋሽና ወደ አፋር የሚዘረጋው የቆላ ሜዳ በአቧራማ ሰማያዊ ቀለም ተገለጠ። ደጋው የሚያልቀው እዚያ እግርዎ ሥር ነው። ኮረብታው ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,400 ሜትር በላይ ከፍታ አለው፤ ከኋላው ያለው አምባ ደግሞ ከ3,000 ሜትር ያልፋል። የሸዋ ነገሥታት ይህን ቦታ የመረጡት ለምን እንደሆነ ለልጆቹ ማስረዳት አያስፈልግም፤ ቆመው ያዩታል። ከቆላ የሚወጣ ማንኛውም ነጋዴ፣ መልእክተኛ ወይም ጠላት ከዚህ ኮረብታ ሳይታይ ማለፍ አይችልም ነበር።

ስለዚህ የእኔ ምክር ይህ ነው፦ ከኮረብታው ይጀምሩ፣ ቀጥለው አብያተ ክርስቲያናቱን ይሳለሙ፣ ጊዜ ካለዎት ግን ከሁሉ በላይ ከገደሉ ሥር ወዳለችው የገበያ ከተማ ወደ አልዩ አምባ የሚወርደውን ቁልቁለት ቢያንስ በከፊል በእግር ይውረዱ። ከአብያተ ክርስቲያናቱ መካከል መድኃኔ ዓለምን እንዳያልፉት አሳስባለሁ፤ ምኒልክና ወይዘሮ ጣይቱ ብጡል በ1875 ዓ.ም. የፋሲካ ሰሞን በቁርባን የተጋቡት በዚያ ነው። ስለ ዐድዋ ለሚማሩ ልጆች ያ ጋብቻ የተፈጸመበት ደብር ደጃፍ ላይ መቆም ከአንድ የመጽሐፍ ምዕራፍ የሚያንስ አይመስለኝም። የካህናቱን ፈቃድ አስቀድመው ይጠይቁ፤ ሴቶች ተማሪዎችም ነጠላ ይያዙ።

«ዐፄ ምኒልክ የተወለዱት አንኮበር ነው ወይስ አንጎለላ? ከጓደኛዬ ጋር ተወራርደናል።»

አንጎለላ ነው። ምኒልክ የተወለዱት ነሐሴ 12 ቀን 1836 ዓ.ም. ነው፤ አንጎለላም ዛሬ ከጫጫ ከተማ አቅራቢያ፣ ከአዲስ አበባ ወደ ደብረ ብርሃን በሚወስደው መንገድ አካባቢ የምትገኝ፣ አያታቸው ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ሁለተኛ መቀመጫ ያደረጓት ስፍራ ናት። ስሕተቱ የሚመጣው ሁለቱ ከተሞች የአንድ ንጉሥ ቤቶች ስለነበሩ፣ ግቢውም ከወቅት ወደ ወቅት ከአንዱ ወደ ሌላው ይዘዋወር ስለነበረ ነው። አንኮበር ግን በምኒልክ ሕይወት ውስጥ ከልደት የማያንስ ቦታ አላት። አባታቸው ንጉሥ ኃይለ መለኮት በ1848 ዓ.ም. ዐፄ ቴዎድሮስ ሸዋን በወረሩበት ጊዜ ታመው ሲሞቱ ልጁ ገና አሥራ አንድ ዓመታቸው ነበር፤ ተይዘው ወደ መቅደላ ተወሰዱና ወደ አሥር ዓመት ያህል ኖረውበት በ1857 ዓ.ም. ማብቂያ አምልጠው ሲመለሱ፣ የሸዋ ንጉሥነታቸውን ያወጁት የአባቶቻቸውን መቀመጫ አንኮበርን ይዘው ነው።

«ስሟ አንኮ በር የሚሉ ሁለት ቃላት ናቸው ይባላል። በሩ የት ነው ያለው? ደግሞስ ወደዚያ ስሄድ አሽከርካሪው ‹ጎረቤላ ደርሰናል› አለኝ፤ አንኮበር የት ሄደች?»

ስሙ እርስዎ እንዳሉት ነው። አንኮ ማን ነበረ ለሚለው ጥያቄ በአካባቢው በቃል የሚነገረው፣ ቦታውን ቀድሞ የያዘ ባላባት ስም ነው የሚል ነው፤ «በር» የሚለው ቃል ግን ማብራሪያ ይገባዋል፤ ዛሬ በር ስንል የቤት መዝጊያ ብቻ እየታየን የቃሉን ሌላ ፍቺ እየረሳነው ነው። በአገራችን የመንገድ አነጋገር በር ማለት ሰውና አጋሰስ ገደሉን ወይም ተራራውን የሚያልፍበት ጠባብ ማለፊያ ነው፤ ከዚያው ገደል ላይ ወደ ሰሜን ሲሄዱ የሚያገኙት ጣርማ በርም ስሙ የመጣው ከዚሁ ነው። በር ባለበት ደግሞ ኬላ አለ፣ ኬላ ባለበትም ቀረጥ አለ። እንግዲህ በሩ የት ነው ላሉኝ፣ ያለፉበት መንገድ ራሱ ነው እላለሁ።

ጎረቤላን በተመለከተ አሽከርካሪው አልዋሸዎትም። የአንኮበር ወረዳ አስተዳደር፣ ሱቆቹ፣ ትምህርት ቤቱና አውቶቡስ ማቆሚያው ያሉት ጎረቤላ በምትባለው ከተማ ነው፤ የጥንቷ አንኮበር ከዚያ ትንሽ ርቃ በኮረብታው ላይና በዙሪያው ናት። ብዙ ሰው ጎረቤላ ሻይ ጠጥቶ «አንኮበር ይህችው ናት?» ብሎ ይመለሳል፤ ያሳዝነኛል።

«እኔ የምኖረው ጣሊያን አገር ነው። እዚህ ያነበብኩት አንድ ጽሑፍ ‹ሌት ማረፊያ› ስለሚባል ከአንኮበር አጠገብ ስላለ ቦታና እዚያ ስለተቀበረ ጣሊያናዊ ያወራል። ነገሩ እውነት ነው? የውጭ ሰዎች ያን ያህል ለምን አንኮበር ይመጡ ነበር?»

እውነት ነው። ማርኬዝ ኦራትስዮ አንቲኖሪ የጣሊያን ጂኦግራፊ ማኅበር የላከውን ጓድ እየመሩ በ1869 ዓ.ም. ሸዋ ሲደርሱ፣ ምኒልክ ከአንኮበር አቅራቢያ ሌት ማረፊያ የሚባለውን ቦታ ለምርምር ጣቢያነት ሰጧቸው። አንቲኖሪ የአራዊትና የአእዋፍ ሊቅ ስለነበሩ የአካባቢውን አዕዋፍ ሲሰበስቡና ሲያጠኑ ቆይተው በነሐሴ 1874 ዓ.ም. እዚያው ሞቱ፤ እዚያውም ተቀበሩ። የጣቢያው ታሪክ ግን በሳይንስ አላበቃም። በዚያው መንገድ ከመጡት ጣሊያናውያን መካከል ፒዬትሮ አንቶኔሊ ይገኙበታል፤ እኚህ ሰው በኋላ የውጫሌን ውል ለመንግሥታቸው የተዋዋሉት ናቸው። ሌት ማረፊያን ሲያዩ ወፍ የሚቆጥር እንግዳና ውል የሚያረቅቅ እንግዳ በአንድ ጎጆ ያደሩበትን ዘመን ያስቡ።

የውጭ ሰዎች ለምን ይመጡ እንደነበረ ለመረዳት ወደ ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ መመለስ ያስፈልጋል። ሣህለ ሥላሴ ከ1805 እስከ 1840 ዓ.ም. ሸዋን ሲገዙ፣ ጎንደር ላይ የነበረው ማዕከላዊ ሥልጣን የተዳከመበት ዘመነ መሳፍንት ስለነበረ፣ ሸዋ በራሷ ቆማ ትኖር ነበር፤ የባሕር በር ግን አልነበራትም። ከታጁራ የሚነሣው የግመል ሲራራ በአፋር በረሃ አቋርጦ የሚያርፈው በአንኮበር ሥር ነው፤ ከዚያ በላይ ግመል አይወጣምና ዕቃው ፋሬ በሚባለው የኬላ መንደር ላይ ይራገፍና በበቅሎ፣ በአህያና በሰው ትከሻ ዳገቱን ይወጣ ነበር። በ1831 ዓ.ም. ጀርመናዊው ሚስዮናዊ ዮሐን ሉድቪግ ክራፕፍ በዚሁ መንገድ መጡ። በ1833 ዓ.ም. ደግሞ ከቦምቤ የተላከው የእንግሊዝ ልዑክ በካፒቴን ዊልያም ኮርንዋሊስ ሐሪስ መሪነት መድፍና ጠመንጃ እጅ መንሻ ይዞ ደረሰ፤ በኅዳር 1834 ዓ.ም. በሣህለ ሥላሴና በእንግሊዝ መንግሥት መካከል የወዳጅነትና የንግድ ውል ተፈረመ። ከልዑኩ ጋር የነበረው ሠዓሊ ዮሐን ማርቲን በርናትዝ የአንኮበርን ኮረብታ ሥሎ ትቶልናል፤ ሾጣጣ ክዳን ያላቸው ቤቶች እንደ ንብ ቀፎ በዳገቱ ላይ ተሰድረው፣ ከሁሉ በላይ የንጉሡ ግቢ ሆኖ። ዛሬ ኮረብታው ላይ የጎደለውን ነገር በዓይነ ሕሊናዬ የምሞላው በዚያ ሥዕል ነው።

ስለ ሣህለ ሥላሴ ስናወራ ከደስታው ጋር ሐዘኑንም እንጻፍ። በሸዋ ልማድ የንጉሡ ወንድሞችና የቅርብ ዘመዶች ዙፋን እንዳይሻሙ ተብሎ ከአንኮበር አካባቢ ባለው በጎንቾ እስር ቤት በሰንሰለት ይያዙ ነበር፤ የእስር ቤቱ ጠባቂ የይፋት ገዥ የነበሩት ወላስማ መሐመድ ናቸው፤ እርሳቸውም ቆላውን የሚያስተዳድሩና ከቆላ የሚመጣውን እንግዳ መጀመሪያ የሚቀበሉ ሙስሊም ሹም ነበሩ። ሣህለ ሥላሴ በ1835 ዓ.ም. ገደማ ታመው በነበረበት ጊዜ እነዚህን ዘመዶቻቸውን እንደፈቱ ሐሪስ ጽፎ አስቀርቷል። እንዲሁም ከአልዩ አምባ ብዙ በማይርቀው በአብዱረሱል ገበያ ሰዎች እንደ ዕቃ ይሸጡ ነበር። የአንኮበርን ታሪክ ለልጆች የሚነግር ሰው ይህን መዝለል የለበትም፤ ከዚያ ኬላ ከወረዱት መካከል የማይመለሱ ብዙዎች ነበሩና።

በምኒልክ ዘመንም እንግዳው አልተቋረጠም። ኋላ በምኒልክ ቤት ትልቅ ሥራ የሠሩት የስዊስ መሐንዲስ አልፍሬድ ኢልግ በ1871 ዓ.ም. የደረሱት አንኮበር ነው። በ1879 ዓ.ም. ደግሞ ቅኔ መጻፍ ትተው በንግድ ላይ የነበሩት ፈረንሳዊው አርተር ራምቦ ለምኒልክ የሚሸጡትን ጠመንጃ በግመል ጭነው፣ በረሃውን አቋርጠው አንኮበር ሲገቡ ንጉሡን አላገኟቸውም፤ ሸጠው ለመጨረስ እስከ እንጦጦ መሄድ ነበረባቸው። ይህች ትንሽ ታሪክ ለቀጣዩ ጥያቄ መልስ የምትጀምርልኝ ናት።

«አንኮበር የተወለድኩባት አካባቢ ናት። አያቴ ‹አንኮበር የነገሥታት ከተማ ነበረች› እያሉ ሲነግሩን አድገናል፤ ነገር ግን ለምን እንደተተወች በግልጽ የነገረን የለም። የተረገመች ናት የሚሉም አሉ። እርስዎ ምን ይላሉ?»

እርግማን የለባትም። አንኮበርን ማንም አላፈረሳትም፣ በሯንም የዘጋ የለም፤ መንገዱ ነው ከሥሯ የተነሣው። አያትዎ የነገሩዎትን ታሪክ በዚህ ዓይን ቢያዩት ልብዎ የሚያርፍ ይመስለኛል።

አንኮበር ከ18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን፣ ከመርዕድ አዝማች አምኃ ኢየሱስ ዘመን ጀምሮ ስትከብር ሸዋ ፊቷን ወደ ምሥራቅ አዙራ ነበር፤ ጨው፣ ጠመንጃ፣ ጨርቅና እንግዳ የሚመጡት ከዚያ ነበርና። ምኒልክ ግዛታቸውን ወደ ደቡብና ወደ ምዕራብ ሲያሰፉ ግን አገሩ ሰፋ፣ አንኮበርም መሐል መሆኗ ቀርቶ ጠርዝ ሆነች። በደብረ ብርሃን አካባቢ ልቼን፣ ቀጥሎ እንጦጦን መቀመጫቸው አደረጉ፤ ራምቦ አንኮበር በደረሱበት በ1879 ዓ.ም. ሐረር በምኒልክ እጅ ገብታ ነበር፤ አዲስ አበባም ተመሥርታ ነበር። ሐረር ከተያዘች በኋላ የባሕሩ ንግድ በሐረር በኩል መጉረፍ ጀመረ። ምኒልክ ዘውድ የጫኑትም በ1882 ዓ.ም. አንኮበር ሳይሆን እንጦጦ ማርያም ነው። ከጂቡቲ የተነሣው ባቡር በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሲገባ ለታጁራ የግመል ሲራራ የሚቀር ሥራ አልነበረም። በመጨረሻም ጣሊያኖች በወረራቸው ዘመን ወደ ደሴ የሚወስደውን የመኪና መንገድ በጣርማ በር ዋሻ ሰርስረው ሲያወጡ፣ ከሁለቱ በሮች አንዱን መረጡ፤ የተመረጠው አንኮ በር አልነበረም። ዛሬ ከአዲስ አበባ ወደ ሰሜን የሚጓዘው የጭነት መኪና ሁሉ የሚያልፈው በጣርማ በርና በደብረ ሲና ነው፤ አንኮበር የሚሄድ ግን ደብረ ብርሃን ላይ ከዋናው መንገድ ወጥቶ ወደ ምሥራቅ ይታጠፋል።

የንግድ ከተማ መንገዱ ሲርቃት ምን ይቀራታል? ገበያዋና ሰዎቿ። የአንኮበር ገበያ ደግሞ ከታች፣ አልዩ አምባ ላይ ነበር። ከደጋው ገብስና ስንዴ፣ ባቄላና ማር፣ ከቆላው አሞሌና ጥጥ እዚያ ይገናኙ ነበር፤ የሐረር ነጋዴዎች ቤት ይዘው ይቀመጡባት ነበር፤ አርጎባዎችም ከጥንት እስከ ዛሬ አገራቸው ናት። አንዴ በገበያ ቀን ወርጄ ሳይ፣ አንዲት የዕድሜ ባለጸጋ አርጎባ እናት ከፊታቸው የዘረጉትን የቆላ ማሽላ በጣሳ እየሰፈሩ ከላይ ለወረደ የአማራ ገበሬ ይሸጡ ነበር፤ እርሱ በአህያው ያወረደውን የደጋ ባቄላ ገና አልሸጠም። «ባቄላህን ስትሸጥ ትከፍለኛለህ» አሉት፤ እርሱም «እሺ እማማ» ብሎ ማሽላውን አህያው ላይ ጫነ። ስምም ወረቀትም አልተጠየቀም። ለምን እንዳመኑት ስጠይቃቸው «አባቱም እንዲሁ ነበር የሚገዛኝ» አሉ። ለሁለት መቶ ዓመት ያህል ደጋና ቆላ፣ ክርስቲያንና ሙስሊም ሲገበያዩ የኖሩበትን ወግ ለማየት ቤተ መዘክር አላስፈለገኝም።

አያትዎ «የነገሥታት ከተማ» ያሏትን እኔ የነጋዴዎችም ከተማ ነበረች ብዬ ልጨምርበት። ለአንኮበር የሚያስብ ሰው ስለ ቤተ መንግሥቱ ኮረብታ ሲናገር ስለ ገደሉ መንገድም መናገር ይገባዋል፤ የአጋሰሱ መንገድ ዛሬም በብዙ ቦታ ይታያል፤ ሰዎች ይሄዱበታል፤ ሲጠረግና ምልክት ሲደረግለት ግን አላየሁም። አቅም ያለው የአካባቢው ተወላጅ ገንዘቡን ማስቀመጫ ቢፈልግ ሌላ ቤት ኮረብታው ላይ ከመሥራት ይልቅ ያን መንገድ ቢያስጠርግ እመርጣለሁ።

«በአርበኞች ዘመን አንኮበር ምን ሆነች?»

ባጭሩ፦ ጣሊያኖች ቦታውን ይዘው ጦር አሰፈሩበት፤ በዙሪያው ያለው ገደልና ደን ግን አልተገዛላቸውም። የሸዋ አርበኞች መሪ አበበ አረጋይ በኋላ ራስ አበበ የተባሉት፣ በአንኮበር፣ በመንዝና በአካባቢው አምስቱን ዓመት ሙሉ ሲዋጉ ኖረዋል። ይህ ርእስ በራሱ አምድ የሚሻ ስለሆነ ወደፊት እንመለስበታለን።

«ከባለቤቴና ከሁለት ልጆቼ ጋር ከአሜሪካ ለዕረፍት እመጣለሁ። አንኮበርን በአንድ ቀን ደርሶ መመለስ ይቻላል? ምን እንልበስ? ልጄ ደግሞ ወፎች ትወዳለች።»

መንገዱን አስቀድሞ ማጣራት ይቀድማል። ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ በአማራ ክልል በተከሠተው ግጭት ምክንያት በሰሜን ሸዋ የመንገድ ሁኔታ ከሳምንት ወደ ሳምንት ሊለዋወጥ ይችላል፤ ስለዚህ ከመነሣትዎ በፊት በነበረው ቀን ደብረ ብርሃን ያለ ዘመድ ወይም አሽከርካሪ ደውለው ይጠይቁ፤ የሚሰጥዎት መልስ የሚያጠራጥር ከሆነ ጉዞውን ያስተላልፉት። አንኮበር ከ200 ዓመት በላይ ጠብቃለች፤ አንድ ዓመት ብትጨምር አትቀየምም።

መንገዱ ሰላም ከሆነ፣ ከአዲስ አበባ ደብረ ብርሃን 130 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ከዚያ ወደ አንኮበር 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ይቀራል። በጠዋት ተነሥቶ ማታ መመለስ ይቻላል፤ እኔ ግን እንዲያድሩ እመክራለሁ፤ ምክንያቱም ከሰዓት በኋላ ጉሙ ገደሉን ስለሚሸፍነው፣ ከአዲስ አበባ ረፍዶ የሚደርስ ሰው ከደመና በቀር የሚያየው ላይኖር ይችላል። ጥቅምትና ኅዳር ገብሱ የሚደርስበት፣ ሰማዩም የሚጠራበት ጊዜ ስለሆነ ከሁሉ ይመረጣል። ለብርዱ ወፍራም ሹራብና ጋቢ ያስፈልጋል፤ ወደ አልዩ አምባ ለመውረድ ካሰቡ ግን ከታች ሙቀቱ ስለሚጠብቅዎት የሚወልቅ ልብስ ይደርቡ፣ ውኃም ይያዙ። መውረዱ ቀላል ነው፤ መውጣቱ ነው ጉልበት የሚጠይቀው፤ ለልጆቹ በቅሎ ይከራዩላቸው። መንገድ የሚመራዎትንም ሰው ከጎረቤላ ወይም ከኮረብታው ሥር ካሉት መንደሮች ይቅጠሩ፤ ዋጋውን ከመነሣትዎ በፊት ተነጋግረው ይወስኑ። ከአዲስ አበባ የሚያመጡት አስጎብኚ ስለ ነገሥታቱ ብዙ ሊነግርዎት ይችላል፤ የትኛው ቁልቁለት እንደሚያንሸራትት ግን የሚያውቀው የአካባቢው ልጅ ነው።

ለልጅዎ ያለኝ መልእክት ደስ የሚል ነው። ከአንኮበር ስሟን ያገኘች አንዲት ወፍ አለች። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1976 በዚህ ገደል ላይ የተገኘችና በ1979 ለሳይንስ የተገለጸች፣ በዓለም ላይ ከኢትዮጵያ በቀር የትም የማትኖር ናት፤ በኋላ በሰሜን ተራሮችም ታይታለች። ቀለሟ ደማቅ አይደለም፤ ቡናማ ሆና ጥቁር ሰንበር የተሰነበረባት፣ ከድንቢጥ እምብዛም የማትበልጥ፣ ከገደሉ ጫፍ ላይ ዘር ስትለቅም የምትውል ወፍ ናት። ስለዚህ ልጅዎ ከመንገዱ ዳር ገደላማ ሣር ላይ ዝም ብላ ትቀመጥና አነስ ያሉ ወፎች በቡድን ሲያርፉ ትጠብቅ። ወፏ ባትገኝ እንኳ ከዚያው ጠርዝ ላይ ጭላዳዎች ሣር እየነጩ ሲውሉ ታገኛቸዋለች፤ ምግብ ግን አትስጣቸው፤ ከሰው እጅ መብላት ከለመዱ የገበሬውን ማሳ ይወርራሉ፤ ገበሬውም ጠላታቸው ይሆናል።

የሩቁን አቅርቦ የሚያሳይ መነጽር (ባይኖኩላር) ካላችሁ ከአሜሪካ ይዛችሁ ኑ። ጎረቤላ ላይ አይገኝም።